ሜጋ ድራይቭን ማደስ፣ ሶኒክን መጨረስ፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 8

ማሽኑ እጄ ገባ። የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ለእረፍት ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ሴጋ ሜጋ ድራይቭ የሚባል የድሮ ጌም መጫወቻ ማሽን ነው፤ የመጀመሪያው ሞዴል፣ ፊቱ ላይ የሄድፎን ድምፅ መጨመሪያ ያለው። ጃፓን ውስጥ በ1988 ወጥቶ አውሮፓ የገባው በ1990 ነው። (የማስታወሻዬ ቀኖች በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ዓመቶቹ ግን በፈረንጆቹ።) አብረውት አራት ካሴቶች መጥተዋል፦ ሶኒክ 1፣ ሶኒክ 2፣ ሶኒክ 3፣ እና ሶኒክ ኤንድ ናክልስ።

ዕቅዱ ይሄ ነው። ማሽኑን አጽድቶ ማስነሳት፣ ከድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት፣ ከዚያ አራቱንም በወጡበት ቅደም ተከተል እስከ መጨረሻው መጫወት። በየመሐሉ ያየሁትን እዚህ እጽፋለሁ።

ለምን ሶኒክ፣ ያ ፈጣን ሰማያዊ ጃርት? ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ጌም ቤት የሚከፈለው በደቂቃ ነበር። ሶኒክ 1 ደግሞ ሴቭ አያደርግም። በመጣህ ቁጥር ከመጀመሪያው ዞን (ደረጃ)፣ ከግሪን ሂል ትጀምራለህ፤ ማርብል ዞን ስትደርስ ሳንቲምህ ያልቃል። ግሪን ሂልን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ትልልቆቹ ልጆች ሲያወሩ ነው የሰማሁት። ስለዚህ ለእኔ ይሄ ትዝታ ማደስ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጌም ገና አላየሁትም።

ጥቅምት 10

መጀመሪያ ኃይል። ዋናው አዳፕተር አብሮ አልመጣም። ይሄ ሞዴል የሚፈልገው 9 ቮልት ዲሲ ነው፤ የመሰኪያው መሐል ደግሞ ኔጌቲቭ መሆን አለበት። ዛሬ ሱቅ የሚሸጡት አብዛኞቹ መሐላቸው ፖዘቲቭ ነው። ቮልቱን ብቻ አይቶ መሰካት ማሽኑን ሊያቃጥለው ይችላል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ዞሬ የሚሆን አገኘሁ፤ ቤት ገብቼ በቴስተር ለካሁት፣ ልክ ነው። ቦርዱ ላይ 7805 የሚባሉ ሁለት ሬጉሌተሮች አሉ። 9ኙን ቮልት ወደ 5 ያወርዱና ትርፉን በሙቀት ይለቁታል። ስለዚህ ማሽኑ ትንሽ ከሠራ በኋላ ቢሞቅ አያሳስብም። ከሶኬቱና ከአዳፕተሩ መሐል ስታቢላይዘር አስገብቻለሁ፤ ሰፈራችን መብራት ሄዶ ሲመለስ በምን ኃይል እንደሚመጣ አይታወቅም።

ቀጥሎ ካሴቶቹ። ብሎኖቻቸው በተራ ካቻቢቴ አይፈቱም። ለዚሁ የተሠራ 3.8 ሚሊ ሜትር መፍቻ ያስፈልጋል፤ የአክስቴ ልጅ አስቦበት አብሮ አምጥቶልኛል፣ እግዜር ይስጠው። ከፍቼ ሳይ የሶኒክ 1 ውስጡ ባዶ ማለት ይቻላል። አንዲት ትንሽ ቦርድ፣ አንድ ቺፕ። ሙሉው ጌም፣ ሙዚቃውም ሥዕሉም መንገዱም፣ 512 ኪሎ ባይት ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ ከዚያ ይበልጣል።

ጌም ቤት ካሴት እምቢ ሲል አውጥቶ እፍ ማለት ነበር ደንቡ። አታድርጉት። የትንፋሽ እርጥበት የመዳቡን ጥርስ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከእፍታው በኋላ የሚሠራው ካሴቱ ወጥቶ ስለተመለሰ ነው፤ ሲገባና ሲወጣ ጥርሱ ይፋተጋል፣ ግንኙነቱ ይሻሻላል። ትክክለኛው መንገድ አልኮልና የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ነው። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አሸሁ። የመጀመሪያዎቹ ጥጦች ጥቁር ሆነው ነው የወጡት። የማሽኑንም የካሴት አፍ እንደዚሁ አጸዳሁ፤ አልኮል የነካ ቀጭን ጨርቅ በካርድ ላይ ጠቅልሎ ወጣ ገባ ማድረግ በቂ ነው።

ሶኒክ 1ን ሰካሁ። «ሴ፟ጋ» የሚለው የሕብረት ድምፅ ወጣ። ሠርቷል!

ጥቅምት 12

ስለ ቴሌቪዥኑ። ሳሎን ያለውን ፍላት ሞክሬዋለሁ። ሥዕሉ ይመጣል፣ ግን ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ቁልፉን ስትጫንና ሶኒክ ሲዘል መሐል ላይ ትንሽ መዘግየት አለ። ፍላቱ ምስሉን ተቀብሎ፣ አሳድጎ፣ አስተካክሎ ነው የሚያሳየው፤ ያ ጊዜ ይወስዳል። ለዜና ምንም ማለት አይደለም። ገደል ጫፍ ላይ ለሚዘል ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ገረመኝ። ግሪን ሂል ውስጥ ያለው ፏፏቴ ፍላቱ ላይ የተሰመሩ ቀጥ ያሉ መስመሮች ሆኖ ነው የሚታየው፤ ውሃ አይመስልም። እናቴ ዕቃ ቤት ያስቀመጠችውን ባለ 21 ኢንቹን አውጥቼ ስሰካው ፏፏቴው ውሃ ሆነ፤ ከኋላው ያለው ድንጋይ በስሱ ይታያል። ምክንያቱ ይሄ ነው። ሜጋ ድራይቭ አንድን ነገር አሳልፎ የሚያሳይ ቀለም መሥራት አይችልም። በአንድ ጊዜ ማሳየት የሚችለው ወደ 60 ቀለም ብቻ ነው፤ የሚመርጠውም ከ512 ቀለሞች ነው። ስለዚህ ሠዓሊዎቹ አንድ መስመር ውሃ፣ አንድ መስመር ባዶ እያደረጉ ሣሉ። የዚያ ዘመን ኬብልና ቴሌቪዥን መስመሮቹን እርስ በርስ ያቀላቅላቸዋል፣ ዓይንም ስስ ውሃ ያያል። ሠዓሊው የቴሌቪዥኑን ድክመት እንደ አንድ ተጨማሪ ቀለም ተጠቅሞበታል ማለት ነው። ይሄን ካየሁ በኋላ ፍላቱን ተውኩት።

ድምፅን በተመለከተ አንድ ምክር ልስጥ። የዚህ ሞዴል የኋላ መውጫ የሚሰጠው ሞኖ ነው። ስቴሪዮው ያለው ፊት ለፊት፣ ሄድፎኑ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ስፒከር ገመድ ሳብኩ። የሶኒክ 1ን ሙዚቃ የሠራው የድሪምስ ካም ትሩ ባንድ አባል ማሳቶ ናካሙራ ነው፤ በአንድ ጆሮ ሊሰማ አይገባም።

ጥቅምት 14

አንድ ነገር አላማረኝም። ሶኒክ ከብዶታል። ሙዚቃውም ይጎተታል። ከሥዕሉ በላይና በታች ደግሞ ጥቁር ባዶ ቦታ አለ።

ማሽኑ አልተበላሸም። የአውሮፓ ማሽን ስለሆነ ነው። ፓል የሚባለውን የቴሌቪዥን ሲስተም በሚጠቀሙ አገሮች ቴሌቪዥን ሥዕሉን በሰከንድ 50 ጊዜ ያድሳል፤ እኛም ፓል ነን። በአሜሪካና በጃፓን ግን 60 ጊዜ ነው። ጌሙ ነገሮችን የሚያሰላው ደግሞ በሰከንድ ሳይሆን በሥዕል፣ ማለትም በፍሬም ነው። ኮዱን ፈታተው ያጠኑ ሰዎች ቁጥሮቹን አውጥተዋቸዋል፤ ሶኒክ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ከፍተኛው ፍጥነቱ በአንድ ፍሬም 6 ፒክስል ነው። አስሉት። በ60 ኸርዝ በሰከንድ 360 ፒክስል ይሮጣል። ስክሪኑ ጎኑ 320 ፒክስል ነው። ማለትም በአንድ ሰከንድ ከስክሪኑ ስፋት በላይ ይሄዳል። በ50 ኸርዝ ግን 300 ብቻ ነው፤ ስክሪኑን አይሞላም። መዝለሉም፣ መውደቁም፣ የጠላቶቹ እንቅስቃሴም አብሮ ይዘገያል። በፍጥነቱ የተሸጠ ጌም ለአውሮፓ ልጆች የደረሰው የፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ተቆርጦ ነበር። ሶኒክ 2 ላይ ሙዚቃውን ለፓል አስተካክለውታል፤ ሩጫው ግን እንዳዘገመ ቀርቷል።

ደግነቱ የሚስተካከል ነገር ነው። ቦርዱ ላይ አራት ትንንሽ ጃምፐሮች አሉ። ሁለቱ የማሽኑን ቋንቋ ይወስናሉ፣ ሁለቱ 50 ወይም 60 መሆኑን። እዚያ ላይ ስዊች ማስገባት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ጥቅምት 17

ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ጋሼ ጋ ወሰድኩት። ሶልደር ላይ የእሳቸውን ያህል የምተማመንበት እጅ የለም። ቦርዱን በማጉያ መነጽር አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ሁሉ ለጌም ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሥራው ንጹሕ ነው። ጃፓኖች ናቸው፣ አይደል?»

የድሮውን ግንኙነት በምላጭ ቆረጡ፤ ሦስት ቀጫጭን ሽቦ ወደ ኋላ ሳቡ፤ የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ስዊች አሰሩ። ስዊችዋ ቺፑን ወይ ከ5 ቮልት ወይ ከግራውንድ ጋር ታገናኘዋለች። በቃ፣ ይሄው ነው። ማሽኑን አልበሳነውም፣ ስለዚህ ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል። በቋሚነት 60 ከማድረግ ስዊች የመረጥኩበትም ምክንያት አለ። በኋለኞቹ ዓመታት የወጡ አንዳንድ ካሴቶች ሲነሱ የየትኛው አገር ማሽን ላይ እንዳሉ ይመረምራሉ፤ በ50 አስነስቶ ከዚያ ወደ 60 መቀየር ያስፈልጋል።

ሥዕሉ በ60 ከነቀለሙ መጣ። ከዱባይ የገቡት የድሮ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ የሁሉንም አገር ሲስተም ይቀበላሉ፤ የእናቴም እንደዚያው ነው። ጥቁሩ ባዶ ቦታ ጠፋ።

ጥቅምት 20

ግሪን ሂል፣ በትክክለኛ ፍጥነቱ። ስለዚህ አንድ ዞን ብዙ መጻፍ እፈልጋለሁ።

ሶኒክ 1 በሰኔ 1991 ወጣ። ሴጋ ከኔንቴንዶው የጌም ጀግና ከማሪዮ ጋር የሚፎካከርለት ገጸ ባሕርይ ይፈልግ ነበር። ኮዱን የጻፈው ዩጂ ናካ፣ ጃርቱን የሣለው ናኦቶ ኦሺማ፣ መንገዶቹን የነደፈው ሂሮካዙ ያሱሃራ ነው። ጆይስቲኩ ላይ ሦስት ቁልፍ አለ፤ ሦስቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፣ መዝለል። የሚነበብ መመሪያ የለም። እንግሊዝኛ ፊደል ሳንለይ የተጫወትነው ለዚህ ነው።

ትምህርቱ ያለው መሬቱ ውስጥ ነው። ልጅ ሆኜ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፦ ቀኙን ቁልፍ ጨብጦ መያዝ። አሁን ቀስ ብዬ ስመለከተው ግሪን ሂል ቀኙን ለሚይዝ ሰው የተሠራ አይደለም። ቁልቁለት ላይ የታችኛውን ቁልፍ ስትጫን ሶኒክ ተጠቅልሎ ይንከባለላል። ሲንከባለል ቁልቁለቱ የሚጨምርለት ፍጥነት፣ ሲሮጥ ከሚጨምርለት ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ከዚህ የሚገርም ደግሞ አለ። ሶኒክ 1 ላይ በቁልቁለት ከ6 ፒክስል በላይ ፍጥነት ካገኘህ በኋላ ቀኙን እንደያዝክ ከሮጥክ ጌሙ ወደ 6 ይመልስሃል። እጅህን ብታነሳ ወይም ብትንከባለል ግን ያገኘኸው ወዲያው አይጠፋም። ማለት፣ ለመፍጠን የሚጓጓው ይዘገያል፤ መሬቱን አይቶ የሚለቀው ይፈጥናል። ቁልፉን መጨበጥ ብቻውን ሩጫ አይሰጥም። ዳገትና ቁልቁለቱን ማወቅ ነው የሚሰጠው።

መንገዱም በፎቅ የተከፈለ ነው። ላይኛው ፈጣን ነው፣ ግን ቀጭን። በደንብ ካልዘለልክ ትወድቃለህ። ብትወድቅ ግን ብዙ ጊዜ አትሞትም፤ ታች ያለው መንገድ ይቀበልሃል። እሾህና ጠላት ይበዛበታል፣ ይዘገያል። የዚህ ጌም ቅጣት ጊዜ ነው። የማሪዮ ገደል ነፍስ ይወስዳል፤ የሶኒክ ገደል ደቂቃ ይወስዳል። በየመንገዱ የምትሰበስባቸው ቀለበቶችም በዚሁ መንፈስ ነው የተሠሩት። አንድ ቀለበት እንኳ ይዘህ ብትመታ አትሞትም፤ ቀለበቶችህ ይበተናሉ፣ ሮጠህ ትሰበስባለህ፣ ትቀጥላለህ። ፈጥኖ የሚሄድ ሰው ፊቱ ያለውን ሁሉ ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ይቅር የሚል ሕግ ያስፈልገዋል። ይሄ የታሰበበት ነው።

ጥቅምት 23

ማርብል ዞን። ሳንቲማችንን የበላው ቦታ።

በጥሩ ማሽን፣ በጥሩ ፍጥነት፣ ያለ ሰዓት ቆጣሪ ተጫወትኩት፤ ግን ፍርዴ አልተለወጠም። ደካማ ዞን ነው። ቁልቁለት የለውም ማለት ይቻላል። ድንጋይ መግፋት፣ የሚወርድ የብረት እሾህ መጠበቅ፣ በቀለጠ ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ብሎክ ላይ ቆሞ መሄድ። ግሪን ሂል ያስተማረህን ሁሉ እርሳው ይልሃል። እንደ ሌላ ጌም ቢታይ መጥፎ አይደለም። ሁለተኛ ዞን አድርገው ማስቀመጣቸው ግን ጎድቷል።

ስፕሪንግ ያርድ ግን ተመልሶ ሶኒክ ነው። ጎድጓዳ ቁልቁለቶች፣ የሚያነጥሩ ኳሶች፣ ከበስተጀርባ የከተማ መብራት። እዚህ ያላየሁት ነገር እንደነበረ በደንብ ገባኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሶኒክ 1 ላይ እሾህ ላይ ወድቀህ ተመትተህ እያብለጨለጭክ እንኳ እሾህ በድጋሚ ይገድልሃል። ከሌላ ጠላት ያ ማብለጭለጭ ያድንሃል፣ ከእሾህ ግን አያድንም። በኋላ ባሉት ጌሞች ተስተካክሏል።

ጥቅምት 26

ላቢሪንዝ ዞን፣ ውሃ። ሶኒክ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሁሉ ነገሩ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ያለ አየር የሚቆየው 30 ሰከንድ ነው፤ ከወለሉ የሚወጣ ትልቅ አረፋ ካልዋጠ ይሰጥማል። መጨረሻ ላይ ከ5 ወደ ታች መቁጠር ይጀምራል፤ ያ እየፈጠነ የሚሄድ ሙዚቃ ይመጣል። ጌም ቤት ይሄን ሙዚቃ ከሌላ ልጅ ተራ ሰምቼው አውቃለሁ። በራሴ እጅ ስሰማው ግን መዳፌ አላበው።

ሦስተኛው አክት (እያንዳንዱ ዞን የተከፈለበት ክፍል) ላይ ውሃው ከታች እየተከተለኝ የሶኒክን ዋና ጠላት ዶክተር ኤግማንን ወደ ላይ እያባረርኩ፣ መብራት ጠፋ።

ሴቭ የለም። ከግሪን ሂል ነው እንደገና።

ይሄ የሶኒክ 1 እውነተኛ ክብደት ነው። ጌሙ ራሱ ረጅም አይደለም፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል። ግን በአንድ ቁጭታ ነው የሚፈልገው። በማግስቱ እንደገና ስጀምር ግሪን ሂልን ከዚህ በፊት ባልሄድኩበት በላይኛው መንገድ ሙሉ በሙሉ አለፍኩት። ማርብልም ቢሆን አጠረልኝ።

ጥቅምት 30

ሶኒክ 1 አለቀ።

ስታር ላይት ዞንን ለሁሉም ሰው እመክራለሁ። ሌሊት ነው፣ ሰማዩ ክፍት ነው፣ ሉፖቹ (ክብ ሠርተው የሚዞሩት መንገዶች) ትልልቅ ናቸው፣ ጠላት ጥቂት ነው። ከላቢሪንዝ ጭንቀት በኋላ ማስቀመጣቸው ትክክል ነው። ስክራፕ ብሬይን ደግሞ ያን ደስታ መልሶ ይነጥቅሃል፤ ሦስተኛው አክት እንደገና ውሃ ውስጥ ይከትሃል። ፋይናል ዞን ላይ አንድም ቀለበት የለም። አንዴ መመታት ማለት ሞት ነው።

ስድስቱን ኤመራልዶች፣ ማለትም የከበሩ ድንጋዮቹን፣ አልሰበሰብኩም ነበር። ስለዚህ በመጨረሻ ኤግማን የቀሩትን እየወረወረ ሲቀልብ ታየ፣ ከታቹ «እንደገና ሞክር» የሚል ጽሑፍ። ኤመራልድ ለማግኘት አክቱን 50 ቀለበት ይዞ መጨረስና እዚያ በሚመጣው ትልቅ ቀለበት ውስጥ መዝለል ያስፈልጋል። ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ።

ኅዳር 4

ሶኒክ 2። ከዛሬ ጀምሮ ብቻዬን አይደለሁም። የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔ ጋ ይመጣል። ሁለተኛውን ጆይስቲክ ሰጠሁት፣ የሶኒክን ጓደኛ ቀበሮውን ቴይልስን ሆነ።

ሶኒክ 2 በኅዳር 1992 ሲወጣ ሥራው የተሠራው ካሊፎርኒያ፣ በሴጋ ቴክኒካል ኢንስቲትዩት ነበር። ናካና ያሱሃራ ወደዚያ ሄደው ከአሜሪካኖች ጋር አብረው ሠሩ። ከተጨመሩት ነገሮች ሁለቱ ሁሉን ነገር ቀይረዋል።

አንዱ ስፒን ዳሽ ነው። ቆመህ የታችኛውን ቁልፍ ይዘህ መዝለያውን ስትመታ ሶኒክ ባለበት ይሽከረከራል፤ ስትለቀው ይተኮሳል። ዳገት ሥር ፍጥነት አልቆብህ ወደ ኋላ ተመልሶ መንደርደር ቀረ። ይሄን ወድጄዋለሁ፣ ግን አንድ ነገር እንደወሰደም ይሰማኛል። ሶኒክ 1 ላይ ፍጥነት የምታገኘው ከመሬቱ ብቻ ነበር። አሁን ከቁልፍም ይገኛል።

ሌላው ቴይልስ ነው። ለልጅ የተሠራ ትልቅ ቸርነት ነው። ቴይልስ ቢሞት እየበረረ ይመለሳል፤ ነፍሱ አያልቅም። ስክሪኑ የሚከተለው ሶኒክን ነው፣ ስለዚህ የእህቴ ልጅ ወደ ኋላ ቢቀርም አያቆመኝም። ቦስ (የዞኑ መጨረሻ ላይ ያለው ትልቅ ጠላት) ላይ ደግሞ እኔ ከምመታው በላይ የሚመታው እሱ ነው፤ ሞትን አይፈራማ።

«አጎቴ፣ አንተ ሽሽ፣ እኔ ልምታው!»

አብዛኞቹ ቦሶች በ8 ምት ይሞታሉ። ስምንቱንም የመታበት ጊዜ አለ።

ኅዳር 7

ኬሚካል ፕላንት ሁለተኛው አክት፣ ሐምራዊው ፈሳሽ እየሞላ የሚከተልበት ቦታ። የሚሽከረከሩት ብሎኮች ላይ መዝለል አለብህ፤ ብሎኮቹ አይቸኩሉም፣ ፈሳሹ ይቸኩላል። የእህቴ ልጅ ጆይስቲኩን አስቀምጦ በሁለት እጁ ዓይኑን ሸፈነ። አልፈነዋል።

ኤመራልድ የሚገኝበት ስፔሻል ስቴጅ ላይ ግን ቴይልስ ዕዳ ነው። ከኋላ የሚከተለው ቦምቡን ይመታና ቀለበት ይጎድላል። ኤመራልድ ሰባቱንም መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ኦፕሽን ውስጥ ገብቶ ሶኒክን ብቻ ይምረጥ። እኛ አልመረጥንም። አብሮ መጫወቱ ይበልጥብናል።

ሚስቲክ ኬቭ ሁለተኛው አክት ላይ እሾህ ያለበት ጉድጓድ አለ፤ ከገባህ መውጫ የለውም። ከላይ እንዳልኩት ሶኒክ ብዙውን ጊዜ ስትወድቅ የሚቀበል ጌም ነው። ይሄ ጉድጓድ ያንን ይጥሳል፣ አልወደድኩትም።

ኅዳር 11

ዴዝ ኤግ። ሶኒክ 2 የሚያልቅበት። ቴይልስ እዚህ አይመጣም፤ የእህቴ ልጅ ተመልካች ሆነ። ቀለበት የለም። መጀመሪያ ብረት ሶኒክ፣ ወዲያው ቀጥሎ 12 ምት የሚፈልገው ግዙፍ ሮቦት። በአንዱ ብትሞት ከመጀመሪያው ትጀምራለህ።

ይሄን ያህል ቀላል የሚመስል ነገር እንዴት ይከብዳል? ሮቦቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ነው የሚከተለው። ሲያርፍ፣ ሲራመድ፣ ሲበር፣ ክንዱን ሲልክ። ቅደም ተከተሉን የያዘው የእህቴ ልጅ ነው። እኔ እጫወታለሁ፣ እሱ ይጠራል፦ «ቁም... አሁን! ተመለስ!» እንደዚያ ነው የወደቀው።

ኅዳር 16

ሶኒክ 3። በ1994 የካቲት ወር ወጣ። ትልቁ ደስታዬ ሴቭ ማድረጉ ነው። የዚያ ዘመን ካሴቶች ብዙዎቹ ሴቭ የሚያደርጉት በትንሽ ክብ ባትሪ ነው፤ ባትሪው ሲሞት ሴቩም አብሮ ይሞታል። ሶኒክ 3 ግን ባትሪ የማይፈልግ ሌላ ዓይነት ሜሞሪ ነው የተጠቀመው። ፍራንክፈርት ያለው የቀድሞ ባለቤት ትቶት የሄደው ሴቭ አሁንም አለ፤ አይስካፕ ዞን ላይ ቆሟል። አልነካሁትም። ባዶውን ቦታ መርጬ ጀመርኩ።

ጋሻዎቹ ሦስት ሆነዋል፦ የእሳት፣ የመብረቅ፣ የውሃ አረፋ። የአረፋው ጋሻ ካለህ ውሃ ውስጥ አየር አያልቅም። ለላቢሪንዝ መልስ መጣለት ማለት ነው።

ካርኒቫል ናይት ሁለተኛው አክት ላይ ያቺ ታዋቂ በርሜል አለች። ላይዋ ስትቆም ወደ ላይና ወደ ታች ትወዛወዛለች፣ ግን መንገዱ እስኪከፈት አትወርድም። በብዙ አገር ብዙ ልጆች በመዝለል ሊገፏት ሞክረው 10 ደቂቃው አልቆባቸዋል። መልሱ ቀላል ነው፤ ሳትዘል ላይና ታች ቁልፉን ከእንቅስቃሴዋ ጋር እያፈራረቁ መጫን። እኔ አስቀድሜ አውቀው ነበር። የእህቴ ልጅ አያውቅም ነበርና ጆይስቲኩን ሰጠሁት። ዘለለ፣ ዘለለ፣ ደከመው፣ ቆመ። ያለ እኔ እርዳታ ግን አላገኘውም፣ የሚያገኝበትም ፍንጭ የለም። ከዚህ በፊት ጌሙ ላይና ታች ቁልፍ አንድን ነገር እንደሚያንቀሳቅስ አንድም ቦታ አላስተማረም። መሬቱ ያስተምራል ባልኩት ጌም ውስጥ መሬቱ ዝም ያለበት ቦታ ይሄ ነው።

ኅዳር 21

ዛሬ ሁለቱን ካሴቶች አነባበርናቸው። ሶኒክ 3 እና ሶኒክ ኤንድ ናክልስ መጀመሪያ የታሰቡት እንደ አንድ ጌም ነበር። ሥራው በጊዜው ስላልደረሰና ያን ያህል ትልቅ ካሴት ውድ ስለሆነ ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛው ግማሽ በጥቅምት 1994 ሲወጣ ካሴቱ አናት ላይ ሌላ ካሴት የሚሰካበት አፍ ተሠራለት። ሶኒክ 3ን እዚያ ስትሰካ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ አራት ሜጋ ባይት የሆነ አንድ ረጅም ጉዞ። የሴቭ ቦታውም ከ6 ወደ 8 ያድጋል። የእህቴ ልጅ ማሽኑ ላይ የቆመውን ፎቅ አይቶ ሳቀ።

የሁለቱ መጋጠሚያ አፍ ላይ አቧራ አይጠፋም፤ አነባብራችሁ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ያለውን ጥርስ አጽዱ።

ኅዳር 26

ሳንዶፖሊስ፣ ሁለተኛው አክት። የፒራሚድ ውስጥ ነው። መብራቱ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ሲጨልም መናፍስት ይወጣሉ፤ ጨለማው በጨመረ ቁጥር እነሱም ያድጋሉ። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ መያዣ ስትስብ መብራቱ ይመለሳል።

«አጎቴ፣ እዚህም መብራት ይጠፋል!»

እዚህ መያዣ አላቸው አልኩት።

ረጅምና አድካሚ አክት ነው፤ ብዙዎች ይጠሉታል። እኔ ግን ሐሳቡን አከብራለሁ። ፍጥነትን በሌላ መንገድ ነው የሚፈልገው፤ የምትሮጠው ከመያዣ ወደ መያዣ ነው። ቀጥሎ ያለው ላቫ ሪፍ ደግሞ ምናልባት ከአራቱም ካሴቶች ሁሉ ቆንጆው ነው። የመጀመሪያው አክት እሳት ነው፣ ሁለተኛው ቀዝቅዞ ሰማያዊ ክሪስታል ሆኗል። ያው 60 ቀለም ነው፣ ያው ማሽን።

ታኅሣሥ 3

አለቀ። በዚህኛው ኤመራልዶቹን ሰብስቤ ነበር፣ ስለዚህ ዱምስዴይ ዞን ተከፈተልኝ፤ ያለ እነሱ አይከፈትም። ሶኒክ ወርቃማ ሆኖ ሕዋ ላይ ይበራል። ቀለበቱ በየሰከንዱ አንድ አንድ ይቀንሳል፣ ሲያልቅ ይወድቃል። መሬት የለም፣ ቁልቁለት የለም። እስካሁን መሬቱን በማንበብ ለተጫወተ ሰው እንግዳ ነገር ነው። አወዳደቄን እያየሁ ሁለት ቀለበት ሲቀረኝ ነው ኤግማንን የያዝኩት።

የማሽኑ ሁኔታ ደህና ነው። ስዊችዋ አልላላችም። ምስሉ ላይ አልፎ አልፎ ቀጭን ሞገድ ማየት ጀምሬያለሁ። ይሄ የካፓሲተሮች እርጅና ሳይሆን አይቀርም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸው። ዝርዝራቸውን ጽፌ ለጋሼ ወስጃለሁ፣ ከበዓል በኋላ እንለውጣቸዋለን ብለዋል።

የእህቴ ልጅ በበኩሉ ሶኒክ 2ን ከናክልስ ካሴት አናት ላይ ሰክቶ ናክልስ በሚባለው ሌላ ገጸ ባሕርይ ጀምሯል። ናክልስ ግድግዳ ይወጣል፣ ይንሳፈፋል፣ ግን ከሶኒክ ዝቅ ብሎ ነው የሚዘለው። ስለዚህ ዴዝ ኤግ ያለው ሮቦት ይከብደዋል። ነግሬዋለሁ። «አንተ ጥራልኝ፣ እኔ እመታዋለሁ» ብሏል። ቅዳሜ እንሞክራለን።